የአያቴ ክታብ

ዛሬ የአያቴን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የእንጨት ሣጥን ስናስተካክል ከጥለት ቀሚሳቸው ሥር በቆዳ ማኅደር የተቀመጠ የብራና ክታብ አገኘን። ቀስ ብለን ስንተረትረው ከላይ ሰይፉን የመዘዘ መልአክ ከነትልልቅ ዓይኖቹ ብቅ አለ፤ ከሥሩም የሱስንዮስ ጸሎት ይጀምራል። ቅዱስ ሱስንዮስ ሕፃናትን የምትገድለውን ጋኔን፣ ውርዝልያን፣ በፈረስ አሳድዶ በጦር እንደ ወጋት የሚተርከውን ይህን ጸሎት ደብተራዎች ልጅ ለማይበረክትላቸው፣ በልማድ አጠራር ሾተላይ ላለባቸው እናቶች ሲጽፉት ኖረዋል።

ዓይኔ የቀረው ግን አንድ ቦታ ላይ ነው። የክታቡ ባለቤት የክርስትና ስም በሚገባበት ስፍራ ብራናው ተፍቆ ሳስቷል፤ በተፋቀው ላይ የአያቴ ስም በሌላ እጅ ጽሕፈት ሰፍሯል። ከእሳቸው በፊት ሌላ ሴት፣ ምናልባትም እናታቸው፣ በዚሁ ክታብ ተማጽናለች ማለት ነው።

አያቴ ከበኩር ልጃቸው ከእናቴ በኋላ ሦስት ሕፃናት ቀብረዋል። ዛሬ ሾተላይ የሚባለው የእናትየዋ ደም አር ኤች የሚባለው ፕሮቲን የሌለው (ኔጌቲቭ)፣ የፅንሱ ደግሞ ያለው (ፖዘቲቭ) ሲሆን የሚመጣው ችግር ነው፤ የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በደህና ይወለዳል፣ የሚጎዱት ተከታዮቹ ናቸው። ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ይከላከለዋል። መርፌው ባልነበረበት ዘመን ብራና የያዙ እናቶችን አጉል እምነት ተከታዮች ብዬ ለማለፍ ልቤ እምቢ አለኝ።

እናቴ የተፋቀውን ቦታ በጣቷ ደጋግማ ዳሰሰችው፤ ከዚያም ክታቡን ጠቅልላ ከራስጌዋ አኖረችው።