የ2ኤል እና የ3ኤል ሃይሉክስ ፖምፓ አቀያየር

ፖምፓ የምንለው ናፍጣን በግፊት ወደ ኢንጄክተሮች የሚልከውን ነው፤ 2ኤል እና 3ኤል ደግሞ የሃይሉክስ የናፍጣ ሞተሮች ናቸው። "ፖምፓው አልቋል" ከተባለላቸው ሃይሉክሶች ብዙዎቹ ፖምፓቸው ደህና ነው። አየር የሚስብ ጎማ፣ የተደፈነ ፊልትሮ ወይም የተበላሸ የናፍጣ መዝጊያ ሶሌኖይድ ልክ እንዳለቀ ፖምፓ ያስመስላል። ስለዚህ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ከፊልትሮ ወደ ፖምፓ የሚሄደውን ጎማ አውጡና በቦታው ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ ግጠሙ። ሞተሩ ሲሠራ አረፋ ካያችሁ ችግሩ ከፖምፓው በፊት ነው። ቁልፉ ኦን ላይ ሲሆን ሶሌኖይዱ "ጠቅ" ካላለ ደግሞ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ፈትሹ።

በእርግጥ ያለቀ ፖምፓ ጠዋት በደንብ ያስነሳል፤ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ግን ሞተሪኖው ቢዞርም እምቢ ይላል። ናፍጣውን በሚገፋው ፕለንጀርና በፖምፓው ሄድ መካከል ያለው ክፍተት በሚሊ ሜትር ሺኛ ነው የሚለካው። ሲበላ፣ የሞቀና የቀጠነ ናፍጣ በዚያ እየሾለከ ግፊቱ ይጠፋል። እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁት ሲቀዘቅዝ ከተነሳ ፍርዱ ተሰጠ። ፈላ ያለ ፖምፓ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚደፉ አሉ፤ እኔ አልመክርም።

ይህ ፖምፓ የሚለሰልሰው በናፍጣ ብቻ ነው፣ የሞተር ዘይት አይደርሰውም። ውሃ ወይም ላምባ የገባበት ናፍጣ የሚገድለውም ለዚህ ነው። ታንከሩን ሳታጥቡና ፊልትሮውን ሳትቀይሩ አዲስ ፖምፓ ብትገጥሙ የመጀመሪያው የሄደበትን መንገድ ይሄዳል።

የምጽፈው አንዱ ፕለንጀር ለሁሉም ሲሊንደር ናፍጣ ስለሚያከፋፍልበት፣ ቪኢ ስለሚባለው ሜካኒካል ፖምፓ ነው። 5ኤል-ኢ በኤሌክትሮኒክስ ስለሚታዘዝ፣ 2ኬዲ ደግሞ ኮመን ሬል ስለሆነ እዚህ አይገቡም። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ስትገዙ ቅርጹን አይታችሁ አትመኑ፤ የቱርቦውና ያለ ቱርቦው ይመሳሰላሉ። በጎኑ ያለውን ቁጥር ከአሮጌው ጋር አመሳክሩ፣ ቴስት ቤንች (የፖምፓ መፈተሻ ማሽን) ላይ ሳይወጣም አትግጠሙት።

ወደ ሥራው። የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ። የቀዝቃዛ ማስነሻው ሰም (ሲሞቅ ሊቨሩን የሚያንቀሳቅሰው) በራዲያተር ውሃ ስለሚሞቅ ውሃውን ቀንሱ። ዙሪያውን በደንብ እጠቡ፣ ምክንያቱም አንዲት የአሸዋ ቅንጣት አዲሱን ልትጨርስ ትችላለች። የኢንጄክተር ቱቦዎቹን በ17 መፍቻ ስትፈቱ በስሩ ያለውን ደሊቨሪ ቫልቭ መያዣ በሌላ መፍቻ ያዙ፣ አለዚያ አብሮ ይላላል። የተከፈተውን ቀዳዳ ሁሉ ወዲያው ድፈኑ።

አንደኛውን ፒስተን በኮምፕሬሽን ቲዲሲ ላይ (አየሩን ጨምቆ ጫፍ የደረሰበት ቦታ) አድርጉ፤ የካምሻፍቱ፣ የክራንኩና የፖምፓው ፑሊ ምልክቶች መገጣጠም አለባቸው። የፖምፓው ፍላንጅ ከታይሚንግ ኬዙ ጋር የሚገናኝበትንም በስል ነገር ጭረት አድርጉበት። ከዚያ የታይሚንግ ቺንጋው ይወጣል። ቺንጋው ሲላቀቅ የፖምፓው ፑሊ በውስጡ ባለው ስፕሪንግ ተገፍቶ ከምልክቱ ዘሎ ሊሄድ ይችላል፤ አትደንግጡ፣ ሲገጠም በመፍቻ መልሳችሁ እዚያው ትይዙታላችሁ። ፑሊውን በመንቀያ እንጂ በመዶሻ አታውጡ፣ ፑሊውን ከሻፍቱ ጋር የምታያይዘው ትንሿ ኪም (ቁልፍ) እንዳትጠፋ። ቺንጋው ናፍጣ ከነካው፣ ወይም 100,000 ኪሎ ሜትር ከተጠጋ፣ መልሳችሁ አታስገቡት፤ ይህ ሞተር ቺንጋ ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን የሚያጋጭ ነው።

አዲሱን በጭረቱ ልክ አስቀምጡ፣ ፍላንጁን ግን ገና አታጥብቁ። ቺንጋውን ካሰራችሁ በኋላ ክራንኩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ፤ ፖምፓው በዚህ አንድ ዙር ይዞራል። ምልክቶቹ ካልተገናኙ ቺንጋው ጥርስ ዘሏል።

ጭረት መነሻ እንጂ ልክ አይደለም፣ በተለይ ፖምፓው ሌላ ከሆነ። ልኩ በዳያል ጌጅ (ባለ መርፌ መለኪያ) ነው። መጀመሪያ የቀዝቃዛ ማስነሻውን ሊቨር ገፍታችሁ ከ8.5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት በሊቨሩና በሰሙ መካከል አስገቡ። ይህ ከተዘለለ የሚነበበው ቁጥር ሁሉ ውሸት ነው። ከአራቱ መውጫዎች መሃል ያለውን ብሎን ፍቱ፣ ጌጁን ግጠሙ፣ ክራንኩን ከቲዲሲ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ወደኋላ መልሱ፣ መርፌው ሲቆም ዜሮ አድርጉ፣ ወደ ቲዲሲ አምጡና አንብቡ። ቁጥሩን ከሞተሩ ማኑዋል ውሰዱ፤ የቱርቦው ለሌላው አይሆንም። ካነሰ ፖምፓውን ከሻፍቱ መዞሪያ በተቃራኒ አዘንብሉ፣ ከበለጠ ወደ መዞሪያው። ከዚያ ፍላንጁ ይጠበቅ፣ የቱቦዎቹ ዳዶ ወደ 25 ኒውተን ሜትር።

"አውት" የሚል የተጻፈበት የመመለሻ ብሎን ውስጡ በጣም ጠባብ ቀዳዳ አለው። ከመግቢያው ብሎን ጋር ከተለዋወጠ የፖምፓው የውስጥ ግፊት ይዛባል፤ ሰው አዲስ ፖምፓ የሚመልሰው አንዳንዴ በዚህች ብቻ ነው።

አየሩን ለማስወጣት የፊልትሮውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ድረስ ምቱ። በኢንጄክተር በኩል ያሉትን ዳዶዎች አላልታችሁ ናፍጣ እስኪረጭ በሞተሪኖ አዙሩ፣ በየ15 ሰከንዱ እያሳረፋችሁት። ከተነሳ በኋላ ነጭ ጭስ ካልጠፋ ታይሚንጉ ዘግይቷል፤ ደረቅ ኳኳታ ከሆነ ቀድሟል።

ጥቁር ጭስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል። ለቆላ የተስተካከለ ፖምፓ እዚህ ናፍጣ ያበዛል። የናፍጣውን መጠን የምትወስነውን፣ የታሸገችውን የሙሉ ጭነት ብሎን በካቻቪቴ ከመነካካት ቴስት ቤንች ላይ አስቀንሱት።