ያን ሁሉ ሌሊት የት ነበር የሚሄደው?

ይህን የምጽፈው ከሁሉ በፊት ለጓደኛዬ እናት ነው። ልጃቸው በቅርቡ ማለዳ ላይ ብስክሌት እየነዳ ሳለ ከኋላው የመጣ መኪና ገጭቶት ሞተ። ስሙን አልጠራም፤ ቤተሰቡ እንዲያ መርጠዋል። የሚያውቁት ያውቁታል። እናቱ ስልክ ላይ አያነቡም፣ የልጅ ልጃቸው ታነብላቸዋለች። ስለዚህ አንቺ ልጅ፣ ቀስ እያልሽ አንብቢላቸው።

ሐዘን ላይ ሳለን «ያን ሁሉ ሌሊት የት ነበር የሚሄደው?» ብለው ጠየቁኝ። አንድ ሰሞን ደብቆ የያዛት ሴት ያለች መስሏቸው ነበር። ይህን ሲሉኝ በዚያ ሁሉ እንባ መሃል ሁለታችንንም ሳቅ አመለጠን። እኔም «ሩቅ ከተማ ደርሶ፣ ካርድ ላይ ማኅተም አስመትቶ ይመለስ ነበር፣ እማዬ» አልኳቸው። መልሱ ትክክል ነው። ግን ለማንም ጤነኛ ሰው የሚገባ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ የምንነዳው ውድድር አይደለም። አንደኛ የሚባል የለም፣ የገንዘብ ሽልማት የለም። የተወሰነ ርቀት አለ፣ የተወሰነ ሰዓት አለ። ስትነሳ ብሬቬ የምትባል ካርድ ትሰጥሃለች። በመንገዱ ላይ በተመረጡ ቦታዎች እየቆምክ ማኅተም ታስመታባታለህ። 200 ኪሎ ሜትሩ በ13 ሰዓት ተኩል ማለቅ አለበት። 300ው በ20፣ 400ው በ27፣ 600ው በ40 ሰዓት። ብትተኛም፣ ብትበላም፣ ጎማህ ቢፈነዳም ሰዓቱ አይቆምልህም። ከኋላ ዕቃህን ይዞ የሚከተልህ መኪና የለም። የሚያስፈልግህን ራስህ ትሸከማለህ፣ የተበላሸውን ራስህ ትጠግናለህ። ሲያልቅ ስምህ በፊደል ተራ ይወጣል፤ ቀድሞ የገባውና መጨረሻ የገባው እኩል ነው።

ሌሊቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። 400 ኪሎ ሜትር በእኛ ፍጥነት ጀምበር ሳትጠልቅ አያልቅም።

የዚህ ሁሉ ትልቁ ጉዞ ከፓሪስ ተነስቶ አትላንቲክ ዳር ካለችው ብሬስት ደርሶ የሚመለሰው ነው፤ ፓሪስ ብሬስት ፓሪስ። ሲጀመር፣ እ.ኤ.አ. በ1891 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ እውነተኛ ውድድር ነበር። ሻርል ቴሮን የሚባል ፈረንሳዊ በ71 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ጨርሶ አሸነፈ፤ በዚያ ዘመን ብስክሌት፣ በዚያ ዘመን መንገድ። ፕሮፌሽናሎቹ ከ1951 በኋላ ተዉት። እንደ እኛ ላለው ተራ ሰው ግን እስከ ዛሬ በየአራት ዓመቱ ይካሄዳል። 1,200 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለአብዛኛው ሰው የተፈቀደው 90 ሰዓት ነው። ለመሄድ በዚያው ዓመት 200፣ 300፣ 400 እና 600 መጨረስ አለብህ። ቀጣዩ በ2027 ነው። ጓደኛዬ ከዚያ ዓመት ጋር ቀጠሮ ነበረው። የሚወደው ደግሞ ጉዞውን ብቻ አልነበረም። በየመንደሩ ሰዎች በራፋቸው ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ለማያውቁት መንገደኛ ውኃና ቡና ይዘው በእኩለ ሌሊት የሚጠብቁበትን ቪዲዮ ደጋግሞ ያይ ነበር። «እዚያ ደርሼ ከአንዷ ባልቴት እጅ ቡና ካልጠጣሁ» ይላል። ቡና እንኳ ብዙም አይወድም።

አነዳዱን ልንገራችሁ። ፈጣን አልነበረም። ዳገት ላይ እንዲያውም እኔ እቀድመዋለሁ። እሱ የሚበልጠኝ መቆም ባለመውደዱ ነበር። ማኅተም መምቻው ጋ ስንደርስ እኔ ዓይኔ ወንበር ይፈልጋል። እሱ ካርዱን ያስመታል፣ ውኃውን ይሞላል፣ ሙዙን ኪሱ ይከታል፣ «ቀጥል!» ይላል። «እግርህ ሲዝል ምንም አይደለም፤ ቂጥህ ወንበር ሲለምድ ነው ያለቀልህ» ይለኝ ነበር። (እማዬ፣ ይቅርታ። ቃሉ የሱ ነው።)

ከኮርቻው ኋላ የምትታሰር ቦርሳ ነበረችው። እህቱ ተቀብላ አመጣቻትና ምን ምን እንደያዘች እንድነግራቸው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍናት። ሁለት የውስጥ ጎማ። የካቴና መፍቻ። ወፍራም መርፌና የጥርስ መፈልፈያ ክር። እናቱ መርፌውን አነሱና «ልብስ ይሰፋ ነበር እንዴ?» አሉ። ጎማ ነው የሚሰፋበት። የውጩ ጎማ ጎኑ ሲቀደድ በዚያ ክር ሰፍቶ፣ ከውስጥ የፕላስቲክ ቁራጭ ደግፎበት እስከ ቤት ይደርሳል። የእኔንም ሰፍቶልኛል፤ በዝናብ፣ የግንባር መብራት አድርጎ፣ እያፏጨ። ሰፍቶ ሲጨርስ እንደ ሱቅ ዕቃ አገላብጦ አየውና «ዋስትና የለውም» አለኝ። ጠዋት ቤቴ ድረስ አደረሰኝ።

ክፉው ሰዓት ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ያለው ነው። ሰውነት ተኛ ተኛ ይላል። ዛፉ ሰው ይሆናል፣ የመንገዱ ምልክት እጁን ያወዛውዛል። በዚያ ሰዓት ጓደኛዬ ማባዛት ይጠይቀኛል። «7 ጊዜ 8?» ቶሎ ካልመለስኩ ክርክር የለም። ከመንገዱ ወጥተን፣ ሄልሜታችንን ሳናወልቅ፣ መሬት ላይ ጋደም ብለን 20 ደቂቃ እንተኛለን። ተራው የሱ ሲሆን ግን ያጭበረብራል። እስከ 12 ያለውን ሁሉ በቃሉ ሸምድዶት ስለነበር እያንቀላፋም ይመልሳል። የ13ን ስጠይቀው ነው የሚያዘው። «13 ጊዜ 7» ስለው ዝም ካለ ፍሬን እይዛለሁ፣ እሱም እየተነጫነጨ ይቆማል።

መብራቱም እንዲሁ የጥንቃቄ ነበር። ፊተኛው ቸርኬ መሃል ላይ ዲናሞ አለ። የሚያመነጨው 3 ዋት ገደማ ብቻ ነው፣ ለኤልኢዲ ግን ይበቃል፤ ቸርኬው እስከዞረ ድረስ ባትሪ አለቀ ብሎ ነገር የለም። ከኋላ ሁለት ቀይ መብራት ነበረው፣ አንዱ ቢጠፋ ብሎ። ሁለቱም ቋሚ። ብልጭ ድርግም የሚለውን አይወድም። «ሹፌሩ መኖሬን ያያል፣ ምን ያህል እንደራቅኩ ግን አያውቅም» ይላል። አንጸባራቂ ሰደርያ ይለብሳል። ሄልሜቱ ጎን ላይ ደግሞ የኋላውን የሚያይባት አውራ ጣት የምታህል መስታወት ነበረችው። በዚያች መስታወት ያልቀለድንበት ቀን የለም።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ምክንያት ስላለኝ ነው። ከሞተ ጀምሮ የማገኘው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሄልሜት አድርጎ ነበር?» አዎ፣ አድርጎ ነበር። ቀጥሎ «መብራትስ ነበረው?» ነበረው፤ ለዚያውም ፀሐይ ወጥታ ነበር። ቀጥሎ «መሃል መንገድ ገብቶ ነው?» ዳሩን ይዞ ነበር፣ መንገዱም ቀጥ ያለ ነበር። ሰው በክፋት እንደማይጠይቅ አውቃለሁ። ራሱን ማረጋጋት ፈልጎ ነው። ሟቹ ያጠፋው ነገር ከተገኘ፣ እኔ ያንን አላደርግም፣ ስለዚህ እኔ አልሞትም ለማለት ነው። ግን በየቀኑ የምመልሰው እኔ ነኝ። ታክቶኛል።

ሄልሜት ካነሳን አይቀር፣ በአውሮፓ ደረጃ የብስክሌት ሄልሜት የሚፈተነው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ፍጥነት ከብረት ጋር ተጋጭቶ ነው። ሰው ከብስክሌቱ ወድቆ ጭንቅላቱ መሬት ሲመታ እንደሚደርሰው ዓይነት ማለት ነው። ለዚያ ጥሩ ነው፣ እኔም ያለሱ አልወጣም። በሰዓት 100 ለሚበር መኪና ግን አልተሠራም። በዚያ ፍጥነት የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሹፌሩ ለሦስት ሰከንድ ዓይኑን ከመንገዱ ቢነቅል ከ80 ሜትር በላይ ማንም ሳያየው ተሄደ ማለት ነው። ስፔንን በመሳሰሉ አገሮች መኪና ብስክሌተኛን ሲያልፍ ቢያንስ ሜትር ተኩል መራቅ እንዳለበት ሕግ አለ። ጥሩ ሕግ ነው። የሚሠራው ግን ሹፌሩ ካየህ ነው።

ስለዚያ ሹፌር እየፈረድኩ አይደለም። ጉዳዩ በሕግ እጅ ነው። እኔ በቦታው አልነበርኩም። እንዳልሸሸ፣ እርዳታም የጠራው ራሱ እንደሆነ ሰምቻለሁ። አንዳንድ ሌሊት አዝንለታለሁ። አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ስሙን መስማት አልፈልግም። በዓመት ወደ 1.2 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ቁጥሩን ድሮም አውቀው ነበር። አሁን ሳነበው ግን ከመካከላቸው አንዱን ብቻ ነው የማየው።

«በሚወደው ነገር ላይ እያለ ነው የሞተው» የሚሉኝም አሉ። ለማጽናናት ነው። እሱ የሚወደው ግን መድረስን ነበር።

እንዲህ ስላለው ሞት ቀድመን አውርተን እናውቃለን። ማይክ ሆል የሞተ ጊዜ ነው። ብሪታንያዊው ማይክ ሆል በ2012 ዓለምን በብስክሌት የመዞር ውድድር ያሸነፈ፣ አውሮፓን የሚያቋርጠውን ትራንስኮንቲኔንታልን ያቋቋመ፣ ለእኛ ዓይነቱ ሰው ትልቅ ስም ነው። ማርች 31 ቀን 2017 አውስትራሊያን ከዳር እስከ ዳር፣ ከፍሪማንትል እስከ ሲድኒ 5,500 ኪሎ ሜትር ያህል በሚያቋርጥ ውድድር ላይ ሁለተኛ ሆኖ እየነዳ ሳለ፣ ካንቤራ አጠገብ ጎህ ሳይቀድ መኪና ገጨው። በእንዲህ ያለ ውድድር እያንዳንዱ ነጂ መከታተያ መሣሪያ ይይዛል፤ ቤት ያለው ሰው ካርታ ላይ ነጥቡ ሲንቀሳቀስ ያያል። ጓደኛዬም ያይ ነበር። ነጥቡ ሲቆም «አሁን ገና ተኛ» ብሎ ተደሰተለት። ውድድሩ ወዲያው ተቋረጠ። ከነጂዎቹ ብዙዎቹ ግን ወደ ሲድኒ መንዳታቸውን ቀጠሉ፤ ኦፔራ ሃውሱ ደጅ ላይም ሰው ተሰብስቦ አሰበው።

ከዚያ በኋላ ጓደኛዬ ለተወሰነ ጊዜ ብስክሌቱን አቆመ። አንድ ቀን ሻይ ይዘን ተቀምጠን «እሱ ከእኔ የተሻለ ያውቅ ነበር። ለካ ማወቅ ብቻውን አያድንም» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ከዚያ ደወለልኝ፤ «ነገ 200 አለ፣ ትመጣለህ?» ስደርስ መስታወቷ ሄልሜቱ ላይ ነበረች። የገዛት ያኔ ነው።

አሁን ጓደኞቻችን ለመታሰቢያ ነጭ ብስክሌት እናቁም አሉ። በ2003 አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ውስጥ የተጀመረ ነገር ነው። ብስክሌተኛ በሞተበት ቦታ አሮጌ ብስክሌት ሙሉ በሙሉ ነጭ ተቀብቶ ይታሰራል፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው። ሐሳቡን ወድጄው ነበር። እሱ ቢኖር ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ፍሬሙ ደህና ነው? ደህና ከሆነማ ለምን ይቀባል፣ ለሚነዳው ሰው ስጡት» ብሎ ነው። እናቱን አማከርናቸው። «መንገደኛው ሁሉ የልጄን ሞት እንዲያይ አልፈልግም» አሉ። በቃ፣ ቀረ።

በምትኩ አብረን ነዳን። ይህም በ2003 ዳላስ ከተማ የተጀመረ ልማድ አለው፤ በየዓመቱ በሜይ ሦስተኛ ረቡዕ፣ በመንገድ ለሞቱ ብስክሌተኞች ቀስ ተብሎ፣ አንድም ቃል ሳይወጣ ይነዳል። እኛ ቀኑን አልጠበቅንም፣ አነዳዱን ብቻ ወሰድን። እውነቱን ለመናገር እሱ ለዚህ አይሆንም ነበር። አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ የነዳበትን ቀን አላስታውስም። ግማሽ መንገድ ላይ አንዱ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «13 ጊዜ 7?» አለኝ። ዝምታው እዚያ ላይ አበቃ።

ካርዶቹን ሁሉ ለእናቱ ሰጥቻቸዋለሁ። በቀን ቅደም ተከተል አስደርድረውኝ፣ እያንዳንዱ ማኅተም የት እንደተመታ ጠየቁኝ። የማስታውሰውን ነገርኳቸው። ከአንዱ ካርድ ላይ የደረቀ ጭቃ ሊጠርጉ ሲሉ «ተዉት፣ እሱም ማኅተም ነው» አልኳቸው። ተዉት።

«አንተስ ትቀጥላለህ?» የሚል ጥያቄ ከብዙ ሰው መጥቶልኛል። እቀጥላለሁ። ሌሊቱን ግን ለጊዜው ትቼዋለሁ፤ ባለቤቴ ስልኬን እያየች እንድታድር አልፈልግም። ስለ 2027 ዛሬ የምለው የለም። 200ው አለ። የፊታችን ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ እንነሳለን። ከእሱ ጋር ነድቶ የሚያውቅም፣ ጨርሶ ሩቅ ነድቶ የማያውቅም ይምጣ። ከመነሳታችን በፊት የሁሉንም የኋላ መብራት እኔ አያለሁ። ትርፍ የውስጥ ጎማ ያዙ፣ መርፌና ክር እኔ ጋ አለ። ወደ ኋላ የሚቀር ካለ አብሬው እነዳለሁ።