ነጭ ሳንቲሞቼን እንዴት እንደለየኋቸው

የአያቴ የሳንቲም ቆርቆሮ ውስጥ አብዛኛው ነጭ ነው። የትኛው ኒኬል፣ የትኛው የተለበጠ ብረት እንደሆነ በዓይን አይለይም። ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አወጣሁ። ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት ትንሽ ሚዛን፣ ክርና አንድ ስኒ ውኃ ጨመርኩበት። ሌላ ዕቃ አላስፈለገኝም።

ሚዛኑን የፈተሽኩት አክስቴ ከአሜሪካ ባመጣችው አምስት ሳንቲም ነው። ካልተበላ ልክ 5 ግራም ይመዝናል። 75 በመቶው መዳብ፣ 25 በመቶው ኒኬል ነው።

ከዚያ ማግኔቱን አስጠጋሁ። 1969 የሚል ዓመት ያለባቸው ስሙኒና ሽልንግ ንቅንቅ አላሉም። እነሱም የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ናቸው፤ መዳቡ ሲበዛ ኒኬሉ በማግኔት መሳቡ ይቀራል። የቅርቦቹ ግን ልጥፍ አሉ። ውስጣቸው ብረት ነው፣ የተለበጠው ላዩ ብቻ።

የሚገርመው የ1923 ዓ.ም. ሃምሳ መቶኛ ነው። በአንድ ፊቱ ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ደፍተው፣ በሌላው አንበሳ አለበት። እሱም ልጥፍ አለ፤ ግን ብረት አይደለም፣ ኒኬል ነው። ኒኬል ለብቻው ሲሆን ማግኔት ይስበዋል። ስለዚህ የተጣበቀ ሁሉ ብረት ነው ማለት አይቻልም።

እዚህ ላይ ውኃው መጣ። መጀመሪያ ሳንቲሙን ብቻውን መዘንኩ። ቀጥሎ ስኒውን ከነውኃው ሚዛን ላይ አድርጌ ወደ ዜሮ መለስኩት። ሳንቲሙን በክር አንጠልጥዬ፣ የስኒውን ታች ሳይነካ ነከርኩት። የመጀመሪያውን ክብደት ሚዛኑ አሁን ለሚያሳየው ቁጥር ማካፈል ነው። ብረት ወደ 7.9 ይሰጣል፣ ኒኬል ወደ 8.9። ሳንቲሙ ላይ አረፋ ከተያዘ ቁጥሩ ይዛባል፤ ነቅነቅ ማድረግ ያስፈልጋል። መዳብም ወደ 8.9 ስለሚጠጋ ሚዛን ያለ ማግኔት አይበቃም።

በጣም የወደድኩት ግን የእሳቱን ሙከራ ነው። ከአክስቴ ዝርዝር ጋር የ1960ዎቹ የካናዳ አምስት ሳንቲም ተቀላቅሎ መጥቷል፤ የዚያን ጊዜው ንጹሕ ኒኬል ነው። በጉጠት ብይዘው ማግኔቱ ጉጠቱን ይስብብኛል። ስለዚህ ከኤሌክትሪክ ገመድ ባወጣሁት የመዳብ ሽቦ አሰርኩት። ቀዝቃዛ ሳለ ማግኔት ሳስጠጋለት ዘንበል ይላል። ቡታጋዝ ላይ በደንብ አግዬ ሳስጠጋለት ዝም! ኒኬል 355 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መሳቡን ያቆማል። ብረት ቢሆን ወደ 770 ዲግሪ መድረስ ነበረበት። ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል እንደገና ወደ ማግኔቱ ዘንበል አለ። ሳንቲሙ ጠቁሮ ቀርቷል፤ የአያቴን ሃምሳ መቶኛ እንዲህ አላደርገውም።

አሁን ማግኔቱ ኪሴ ውስጥ ነው። መርካቶ ማንኪያ ስገዛ 18/10 የሚል ጽሑፍ ካለበት አስጠጋለታለሁ። 18 በመቶ ክሮም፣ 10 በመቶ ኒኬል ማለት ነው። እዚህ ነገሩ ይገለበጣል፦ ያን ያህል ኒኬል የገባበት ስቴንለስ በማግኔት እምብዛም አይሳብም። ጥብቅ ካለ ጽሑፉን አላምንም። ባለሱቁ «ወንድሜ፣ ማንኪያ ነው እንጂ ወርቅ አይደለም!» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ማግኔቱን ተቀብሎ የራሱን ዕቃ ይሞክር ጀመር።