ከመስኮቴ ሥር የወደቀችው ጭልፊት

ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ እየጻፍኩ ሳለ አንድ ከባድ ነገር ከመስኮቱ ጋር ተላተመ። ድንጋይ መስሎኝ ስወጣ፣ ጭልፊት ክንፎቿን እንደዘረጋች ከመስኮቱ ሥር ወድቃለች። ሁለት እርምጃ አለፍ ብሎ ስታሳድዳት የነበረችው ርግብ ሞታ ተጋድማለች። ጭልፊቷ ግን በሕይወት አለች፤ ዓይኖቿ ክፍት ናቸው፣ መንቁሯን ከፈት አድርጋ ትተነፍሳለች።

ከዚያ ቀን በፊት ጭልፊት የማውቃት ከሩቅ፣ ሰማይ ላይ ስትዞር ነው። አሁን እግሬ ሥር ተኝታ ሳያት የመጣልኝ ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፦ ቶሎ አንድ ነገር ላድርግላት። ውኃ በጠርሙስ ክዳን አምጥቼ አፏ ውስጥ ጠብ አደረግሁ። ወዲያው ትንታ ያዛት፣ አንገቷን እየወዘወዘች ታገለች። የወፍ የአየር ቧንቧ የሚከፈተው አፏ ውስጥ፣ ከምላሷ ኋላ ነው፤ ራሷን የሳተች ወፍ ደግሞ በደንብ መዋጥ አትችልም። ያንን ውኃ በቀጥታ ሳንባዋ ውስጥ ልጨምርባት እችል ነበር። ይህን እያሰብኩ ዛሬም ይከፋኛል።

ሁለተኛው ስህተቴ መንቁሯን መፍራቴ ነበር። ዓይኔ መንቁሯ ላይ ብቻ ስለነበር እግሯን ረሳሁት፤ ላነሳት ስል በአንድ እግሯ እጄን ጨመደደችው። አዳኝ ወፎች የሚገድሉት በጥፍራቸው ነው። ጣቶቻቸውን የሚያጥፈው ጅማት አንዴ ከጠበቀ የሚቆለፍበት መንገድ አለው፤ እጄን በጎተትኩ ቁጥር ጥፍሯ ይበልጥ ጠለቀ። ያዳነኝ ታላቅ እህቴ ነች። ጩኸቴን ሰምታ በፎጣ መጣችና መጀመሪያ የወፏን ጭንቅላት ሸፈነች፤ ቀጥላም “አትጎትት፣ ዝም በል” አለችኝና የታጠፈውን እግር ቀስ አድርጋ ወደ ኋላ ዘረጋችው። እግሩ ሲዘረጋ ጅማቱ ይላላል፤ ጣቶቹም ተከፈቱ። ቁስሉን በሳሙና ደህና አድርገን አጠብነው፣ በማግስቱ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወሰድኩ።

ዓይኗ ከተሸፈነ በኋላ ያቺ ወፍ ፍጹም ሌላ ሆነች። መታገሏን ተወች። ከእኛ ግርግርና ጩኸት ይልቅ ጨለማው ጠቀማት ማለት ይቻላል። ካርቶን አምጥተን ከታች እግሯ እንዳይንሸራተት ጨርቅ አነጠፍን፣ አየር እንዲገባ ጎኑን በወስፌ በሳን፣ ክዳኑን ዘጋን፣ ሰው ከማይመላለስበት ክፍል አስቀመጥነው። ምግብ የለም፣ ውኃ የለም፣ ማሞቂያ የለም። ከሁሉም የከበደኝ ከፍቼ አለማየት ነበር፤ እህቴ በሩ ላይ ባትቆምብኝ ኖሮ በየአምስት ደቂቃው እከፍተው ነበር። በየጊዜው መክፈት ግን የተመታችውን ወፍ በየጊዜው ማስደንገጥ ነው።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ካርቶኑን በጥፍሯ ስትቧጥጥ ሰማን። ገና ሳይመሽ ወደ ገላጣ ቦታ ይዘነው ወጣን፤ ቤት ውስጥ ቢከፈት እንደገና ከመስታወት ጋር ትላተም ነበር። ክዳኑን አንስተን ከኋላ ቆምን። የካርቶኑ ጠርዝ ላይ ወጣች፣ አንገቷን አዙራ አየችን፣ ከዚያ መሬቱን ሊነካ በደረሰ ዝቅተኛ በረራ ሄደች። ክንፏ ተንጠልጥሎ ቢሆን፣ ደም ቢኖር ወይም ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላም መቆም ቢያቅታት፣ በዚያው ካርቶን ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነበረብን። አዳኝ ወፎች በብዙ አገሮች በሕግ የተጠበቁ ናቸውና ቤት አስቀምጦ ማላመድ አይፈቀድም፤ ደግሞም ለወፏ ምንም ጥቅም የለውም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ መስኮቱ ነው ብዬ ተነሳሁ። በመጀመሪያ ጥቁር የጭልፊት ቅርጽ ከወረቀት ቆርጬ ለጠፍኩ፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሌላ ርግብ ከወረቀቱ አጠገብ ተጋጭታ ወደቀች። ወፎች ያንን ቅርጽ አይፈሩትም፣ ዘወር ብለውት ያልፋሉ እንጂ። መስታወቱን ራሱን አያዩትም፤ የሚያዩት በውስጡ የሚታየውን ሰማይና ዛፍ ነው። የረዳኝ መስታወቱን በሙሉ በትናንሽ ነጭ ነጠብጣቦች፣ በአምስት ሳንቲሜትር ርቀት መሸፈኔ ነው። ነጠብጣቡ በውጭ በኩል መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ነጸብራቁ ከውጭ ስለሆነ ከውስጥ የተለጠፈውን ይጋርደዋል። ለወፎች እህል የማስቀምጥበትንም ሳህን ከመስኮቱ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት አደረግሁት፤ ከዚያ የምትነሳ ወፍ ሳትፈጥን ስለምትደርስ ብትነካውም አትጎዳም። ካስቀመጥኩበት ቀን ጀምሮ ከመስኮቱ ሥር የሞተ ወፍ አላነሳሁም።

ስለ ዶሮ ጫጩቶቼም ባጭሩ ልናገር። ጭልፊት ሦስት ጫጩት ስትወስድብኝ አንድ ጎረቤት ሥጋ ላይ መርዝ አድርጌ እንዳስቀምጥ መከረኝ። በፍጹም አላደረግሁትም፤ እንዲህ ያለ ሥጋ ውሻውንም፣ አሞራውንም፣ የሚያገኘውን ሁሉ ይገድላል። መዋያቸውን ከላይ ወጠር ባለ ጠንካራ የሽቦ መረብ ሸፈንኩት (ቀጭኑና የላላው መረብ ወፎችን ያንቃል)፣ መደበቂያ ቁጥቋጦም ተከልኩ። ያኔ ነው አውራ ዶሮው ለሰማይና ለምድር ጠላት የተለያየ ድምፅ እንዳለው ያስተዋልኩት። ከላይ የሚመጣ ሲያይ ረዘም ያለ ቀጭን ጩኸት ያሰማል፤ ድመት ሲያይ ደግሞ በተቆራረጠ ድምፅ ይንጫጫል። ዛሬ የመጀመሪያውን ስሰማ ቀና ብዬ ሰማዩን አያለሁ።

ጉጉቶቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ከቤቱ ጀርባ ባለው አሮጌ ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ጎጆ ያዙ። መጋዘኑ ውስጥ የነበረውን የአይጥ መርዝ ያን ቀን አስወገድኩ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መርዝ አይጧን ወዲያው አይገድላትም፤ ለቀናት እየደከመች፣ እየዘገየች ትዞራለች፣ ጉጉት ደግሞ የዘገየችውን ነው የሚይዛት። መርዙ ከአይጧ ጉበት ወደ ጉጉቱ ይሄዳል፣ አይጧን ለጫጩቶቹ ከወሰደላቸውም ወደ እነሱ። በመርዙ ፈንታ ወጥመድ አደረግሁ፣ ቀዳዳዎቹንም ደፈንኩ።

አንድ ማለዳ ገና ግራጫ ለስላሳ ላባ የለበሰ የጉጉት ጫጩት ከዛፉ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። እንደ ድሮው ቢሆን ካርቶን ይዤ እሮጥ ነበር። የጉጉት ጫጩቶች ግን መብረር ሳይችሉ ከጎጆ ይወጣሉ፣ በጥፍርና በመንቁር እየታገዙ ቅርንጫፍ ይወጣሉ፣ ወላጆቻቸውም ያሉበት ድረስ እየመጡ ይመግቧቸዋል። ሰው ካሳደገው ጫጩት ግን ራሱን ችሎ ማደን የማያውቅ ወፍ ሊወጣ ይችላል። ድመት ስለነበረ ብቻ፣ ወፍራም ጓንትና የፊት መከላከያ አድርጌ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ አስቀመጥኩት፤ እናት ጉጉት ጫጩቷ ሲነካ የሰው ፊት ላይ ልትመጣ ትችላለች። የሰው እጅ ነካው ብላ አትተወውም።

መብራት አጥፍቼ ከመስኮቱ ኋላ ተቀመጥኩ። ጨለማው እንደጠነከረ ያለ አንዳች ድምፅ መጣች፣ አይጥ በአፏ ይዛ ጫጩቱ አጠገብ አረፈች። ጫጩቱ ጮኸ፣ ተቀበላት፣ ዋጠ። እኩለ ሌሊት እስኪሆን አምስት ጊዜ ስትመላለስ ቆጠርኩ። ጠዋት ስነሳ ጫጩቱ ከፍ ወዳለው ቅርንጫፍ ወጥቶ ነበር።