አንድ ለሁለት

ደብረ ብርሃን ላይ በታኅሣሥ ልስን ያስለሰነ ሰው ነገሩን ሳልጨርስለት ይገባዋል። ጧት ውርጩ ሣሩን አንጥቶ፣ በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ላይ ስስ በረዶ ጋግሮ ይጠብቅሃል። አራት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ቆዳ ትልጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ይነሣል። 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ልስን አልደርቅ ብሎኝ አያውቅም። ሁሌም የሚያጣላን ቶሎ መድረቁ ነው።

ከኮሌጅ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ የአንድ ቤት ሥራ ሳሠራ ነው። ቤቱ ጂ ፕላስ ዋን፣ ግድግዳው ባለ 20 ሳንቲሜትር ብሎኬት። ባለቤቱ «ዝናብ እንዳያስገባ ሲሚንቶ አትሰስቱ» አሉኝ። ውሉ ላይ 1 ለ 3፣ ማለትም አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ ተጽፎ ሳለ እኔ ደግሞ ለጋስ ሆኜ የውጩን 1 ለ 2 አደረግሁት። ለሳኙ በዕድሜ አባቴን የሚያክሉ ሰው ናቸው፤ ሳይቱ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው።

«ስንት ለስንት አልክ?»

«አንድ ለሁለት፣ ጋሼ።»

የመለሰኛ ማንካቸውን አስቀምጠው ወደ ግድግዳው ሄዱና የአንዱን ብሎኬት ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ፈገፈጉት። ዱቄቱ ጫማቸው ላይ ረገፈ።

«ይኼን ማን አመጣው?»

ዝም አልኩ። ብሎኬቱን ማን እንዳቀረበ፣ ከባለቤቱስ ጋር ምን እንደሚዛመድ እዚያ ሳይት ላይ የማያውቅ አልነበረም።

«ልጄ፣ ጎረምሳ ወይፈን ከጭራሮ አጥር ጋር ታስሮ አይተህ ታውቃለህ?»

«የከተማ ልጅ ነኝ፣ ጋሼ።»

«እሰረውና እየው። ገመዱም አይበጠስ፣ ወይፈኑም አይደክመው። አጥሩን ነው ነቅሎ ይዞት የሚሄደው።»

እዚህ ላይ የመለስኩት ትዝ ባለኝ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል። ቀን ሠራተኞቹ ቆመው እየሰሙ፣ ጥንካሬ በወይፈን አይለካም፣ የሚለካው በሜጋ ፓስካል ነው አልኳቸው። ጋሼ ትንሽ አሰቡና ከልባቸው ጠየቁኝ፤ «እሱ ልስን ለስኖ ያውቃል?»

የሳቁት ሳቅ ከአጥር ውጭ ድረስ ተሰማ። እልህ ያዘኝና የምሥራቁን ግድግዳ እኔ እንዳልኩት፣ የጓሮውን ደግሞ እሳቸው በሚሉት 1 ለ 4 እንዲለስኑት ፈረድኩ። ጓሮውን ማን ያየዋል?

የምሥራቁ ሲያልቅ እንደ መስተዋት ነበር። እንዲያብለጨልጭ ብዬ እርጥቡ ላይ ደረቅ ሲሚንቶ አስነስንሼ አሳሽቼዋለሁና። ያ ብልጭታ ሲሚንቶው በዝቶ ፊቱ ላይ የተጋገረ ስስ ቆዳ ነው፤ ከሥሩ ካለው ልስን ጋር እኩል አይሰበሰብም። ይኼን ዛሬ ነው የምናገረው። ያን ጊዜ ፎቶ አንስቼ ለባለቤቱ ልኬያለሁ።

በአራተኛው ቀን ግድግዳው በበጋ እንደሚሰነጠቅ መረሬ አፈር ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት በሳንቲም ሲመታ እንደ ባዶ ጋን ይጮህ ጀመር። አንዱን ጥግ በመሮ ስናነሣው የጠረጴዛ ያህል ቁራጭ ተገንጥሎ ወደቀ። ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ የብሎኬቱ ፊት ተለጥፎ መጥቷል። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው አዩት፤ አንድ ቃል አልተናገሩም። ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር።

አማካሪ መሐንዲሱ መጣ። በሳንቲሙ ቆረቆረ፣ ፎቶ አነሣ፣ የሳይቱን መዝገብ ከፍቶ በእንግሊዝኛ «የባለሙያው ችሎታ ማነስ» ብሎ ጻፈ። ድብልቁን ማን እንዳዘዘ አልጠየቀም። እኔም አልነገርኩትም። ጋሼ እንግሊዝኛ አያነቡም።

ስለ ጓሮው ግን ማንም የማያነሣልኝ ነገር አለ። ያን ግድግዳ የለሰኑ ቀን በዘጠኝ ሰዓት እንዲያቆሙ ለምኛቸው ነበር። «የተጀመረ ግድግዳ መሃል ላይ አይተውም፣ መጋጠሚያው ይታያል» ብለው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ለሰኑ። እውነታቸውን ነው፣ መጋጠሚያው ይታያል። ሌሊት ግን ውርጭ ወረደ። ልስን ውስጥ ያለ ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ወደ ዘጠኝ በመቶ ያብጣል፤ ገና ያልያዘ ልስን ደግሞ ይኼን አይችልም። በማግስቱ፣ መጨረሻ ላይ የለሰኑት ከታች ያለው ክንድ የሚያህል መስመር በጥፍር ስነካው እንደ ቆሎ ረገፈ። ከዚያ በላይ ያለው እስከ ዛሬ ስንጥቅ የለበትም። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚያ ስንጥቅ አልባው ነው።

የምሥራቁን አፍርሰን ደገምነው። ጋሼ ግድግዳውን አስጠርገው፣ ውሃ አስረጭተው፣ ልስኑ የሚይዝበት ቀጭን ርጭት በማንካ ወረወሩ። ድብልቁን ሲያዝዙ ሰማሁ፤ 1 ለ 2!

«ይኸው፣ እኔ ያልኩት!» አልኩ።

«ይኼማ ንክሻ ነው፣ ልጄ። ልስን አይደለም።»

ርጭቱን ሦስት ቀን እርጥብ አድርገው አቆዩት። ብሎኬቱ ከኮንክሪት ዓምዱ ጋር የሚገናኝበት ላይ የዶሮ ሽቦ አስመቱ፤ ከዚያ 1 ለ 4 ደረቡ። በነፋሱ በኩል እርጥብ ጆንያ ሰቀልን፤ የምናጠጣውም ፀሐይ ሲሞቅ ነበር፣ ማታ አይደለም። ማታ አለማጠጣቱ የኔ ሐሳብ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጋሼ ማንካቸውን አጠቡ። አየኋቸው። «ውርጩ ነው» አሉኝ፣ እኔ ሰምቼ የማላውቀውን ነገር እንደሚነግሩኝ ሆነው።

አሁን ሌላ ከተማ ነው የምሠራው። አልፎ አልፎ ይደውሉልኛል። ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም።

«ፓስካል፣ ደህና ነህ?»