36 ደቂቃው ወዴት ገባ?

ዛሬ ከአንድ ትንሽ የክልል ኤርፖርት ተነስቼ ሌላ ትንሽ ኤርፖርት አረፍኩ። ካርታ ላይ ቀጥታ መስመሩ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የተሳፈርንበት ባለ ፕሮፔለሩ ኤቲአር 72 ደግሞ በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። ስታካፍሉት 36 ደቂቃ ይመጣል። ትኬቱ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይላል!

ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የአየሩ ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቃነቀ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለው ሁሉ ይቆጠራል። ትንንሽ ኤርፖርቶች ላይ ብዙ ጊዜ ከመንደርደሪያው ጎን ለጎን አውሮፕላኑ እስከ ጫፍ የሚሄድበት ሌላ መንገድ የለም። የእኛም አብራሪ እዚያው መንደርደሪያው ላይ ቀስ እያለ እስከ ጫፍ ሄደ፤ ሣሩ በፕሮፔለሩ ነፋስ እየተኛ፣ በጠባቧ ቦታ ጥምዝ ብሎ ዞረ፣ ከዚያ ነው የተንደረደረው። ሽቅብ ሲወጣም ፍጥነቱ ገና ሙሉ አይደለም። ለማረፍ ሲጠጋም እንደዚሁ። ነፋስ ከፊት ከመጣማ በቃ፣ ደቂቃው ይጨምራል።

አጭር በረራ ላይ ይሄ ትርፍ ጎልቶ ይታያል። አስር ሰዓት ለሚበር ሰው ሃያ ደቂቃ ምኑም አይደለ።

የዚህ ነገር ጫፉ ስኮትላንድ ውስጥ ነው። ኦርክኒ ደሴቶች ላይ ከዌስትሬይ ወደ ፓፓ ዌስትሬይ 2.7 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በዓለም አጭሩ መደበኛ በረራ። ነፋሱ ሲመች ከአንድ ደቂቃ በታች ያልቃል፤ ክብረ ወሰኑ 53 ሰከንድ ነው። እኔ ቀበቶዬን ለማሰር ከዚያ በላይ ይፈጅብኛል።