መዋጮው፣ ጉብታውና እኛ

ደሴ፣ እሑድ ማታ

በረካው ተጠጥቶ ሲኒው ከተነሣ በኋላም ክርክሩ አላባራም ነበር። ነገሩን ያመጣው ባንክ የሚሠራው የአጎቴ ልጅ ነው። ከደሴ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የገጠር ቀበሌ (ስሙን ሆን ብዬ አልጽፍም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እናገራለሁ) የፈረሰ የድንጋይ ግንብ የተቀበረበት ጉብታ አለ። ከከተማው ሰውና ከውጭ አገር ከሚኖሩ የወሎ ልጆች ገንዘብ ይሰብሰብ፣ ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ ይሰለፉ፣ ባለሙያ ቀጥረንና ፈቃድ አውጥተን እናስቆፍረው ባይ ነው። «ሉሲ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ስትገኝ ቦታው የወሎ ጠቅላይ ግዛት ነበር፤ ያስቆፈረው ግን የፈረንጅ ገንዘብ ነው። እስከ መቼ?» አለ። የታሪክ መምህሬ የነበሩት፣ አሁን ጡረታ የወጡት ጋሼ ደግሞ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ያልተቆፈረ አይጠፋም። ተወው» አሉት። ሁለቱንም አከብራቸዋለሁ፤ ከሁለቱም ጋር ግን አልስማማም። መሸና ተበተንን። የቀረኝን እዚህ ልጻፈው።

መዋጮ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ቀባሪ የሚያቆምልን፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናናልን ቅሬ በመዋጮ ይኖራል። ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ ሙስሊሙ፣ መስጊድ ሲሠራ ክርስቲያኑ እጁን ሲዘረጋ ኖሯል። ለህዳሴው ግድብ ከደመወዛችን ቦንድ ገዝተናል። ስለዚህ «ሰው ለአሮጌ ድንጋይ ብሎ ኪሱን አይፈታም» የሚለውን አላምንም፤ ይፈታል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ እኩሌታው ላይ ገንዘብ ቢያልቅበት፣ የቆመው ግድግዳ የከርሞውን መዋጮ ይጠብቃል፤ እንዲህ እየጠበቁ ዓመታት ያለፉባቸው ግንቦች በየአጥቢያው አሉ። የተከፈተ ቁፋሮ ግን አይጠብቅም። ሐምሌ ሲገባ ጎርፍ ጉድጓዱን ይሞላዋል፣ ጠርዙ ይናዳል፣ ሺህ ዓመት ተደራርቦ የቆየው አፈር በአንድ ሳምንት ይደባለቃል።

ተማሪዎቼ ቁፋሮ ማለት ዕቃ ማውጣት ይመስላቸዋል። ክፍል ውስጥ ደጋግሜ እንደምነግራቸው፣ ዋናው ነገር ዕቃው የነበረበት ቦታ ነው። አንዲት ገል ከምድጃ አመድ ጋር፣ ከአንድ የከሰል ቁራጭ አጠገብ፣ ከተደመደመ ወለል በላይ ስትገኝ ብዙ ትናገራለች፤ ከሰሉ ወደ ውጭ አገር ላብራቶሪ ተልኮ በካርቦን 14 ሲመረመር የገሏም ዘመን አብሮ ይታወቃል። ያችኑ ገል አንድ ጉጉ ወጣት በአካፋ አንሥቶ ቢያሳየን ግን፣ የተሰበረ ሸክላ ከመሆን አታልፍም። ቆፋሪው የሚቆፍረውን ቦታ እያጠፋ ነው የሚሄደው። ከእርሱ በኋላ የሚቀረው የለካው፣ የሣለው፣ ፎቶ ያነሣውና የጻፈው ብቻ ነው። ለአንድ የከሰል ናሙና ምርመራ የሚከፈለው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። አንድ ወር ለተቆፈረ ቦታ፣ ሸክላ ማጠቡ፣ ቁጥር መስጠቱ፣ አጥንት መለየቱ፣ ዘገባ መጻፉ ከቁፋሮው ብዙ እጥፍ የሚረዝም ጊዜ ይወስዳል። ለዚህ ክፍል ገንዘብ የሚያዋጣ ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ ፎቶ የሚያምረው ጉድጓዱ ነውና።

የአጎቴ ልጅ እንግሊዞችን በምሳሌነት ጠቅሷል። እውነቱን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ዲግቬንቸርስ የተባለ ድርጅት ፒተርቦሮ አጠገብ ፍላግ ፌን በሚባል ቦታ፣ ገንዘቡን በኢንተርኔት ከብዙ ሰው አሰባስቦ፣ ገንዘብ የሰጡትም መጥተው ከባለሙያ ጋር እንዲቆፍሩ አድርጎ ነበር። ሆኖም እዚያ ቁፋሮውን ተገቢ ያደረገው የአዋጪው ብዛት ነው ብዬ አላስብም። ፍላግ ፌን ከ3 ሺህ ዓመት በፊት በነሐስ ዘመን ሰዎች ረግረግ ላይ የተከሉት የእንጨት ምሰሶና መተላለፊያ ያለበት ቦታ ነው። እንጨቱ እስከ ዛሬ የቆየው ውኃ ውስጥ ስለተቀበረ ነው። አካባቢው እየደረቀ፣ የከርሰ ምድሩም ውኃ እየወረደ ሲሄድ እንጨቱ መበስበስ ጀመረ። ምን ያህል እንደተረፈ ማወቅ ያስፈልግ ነበር፤ ጥያቄው ከመዋጮው በፊት ነበረ። ከዚያው ብዙም በማይርቀው መስት ፋርም የተቃጠለውን የነሐስ ዘመን መንደር እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 ሲቆፍሩት ደግሞ 1.1 ሚሊዮን ፓውንድ ነው የወጣው፤ ከፋዮቹም የመንግሥት የቅርስ ተቋሙና ቦታው ላይ ሸክላ አፈር የሚያወጣው የጡብ ኩባንያ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ሥራ መዋጮ ብቻውን አይችለውም።

ጋሼ «ያልተቆፈረ አይጠፋም» ያሉት ግን ልቤን አሳመመው፤ ጉብታውን አይቼዋለሁና። ባለፈው ጥቅምት ማሽላው ሊታጨድ ሲል ሄጄ ነበር። የማሳው ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፤ «ነይ ልጄ፣ እሾሁን ዙሪው» እያሉ መሩኝ። ከጉብታው በስተ ምሥራቅ ያለው የግንቡ ጥግ የለም። የት ሄደ ብዬ ስጠይቃቸው፣ የበጎቹን በረት አሳዩኝ። በረቱ የታጠረው በተጠረበ ድንጋይ ነው፤ አንደኛው ድንጋይ ላይ መጥረቢያው ያረፈበት ሰያፍ ጭረት ጎን ለጎን ተደርድሮ፣ እንደ ትናንት ሥራ ይታያል። «አባቴ፣ ይኼን ከዚያ ነው ያመጡት?» ስላቸው፣ «የት ላምጣ ታዲያ? ጅብ ፈጀኝ» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ከእግሬ ሥር ማረሻ የገለበጣት አንዲት ገል አነሣሁ፤ ከንፈሯ ወደ ውጭ የታጠፈ፣ ከአንገቷ በታች ሁለት መሥመር የተጫረባት፣ በስተ ውስጥ የሠሪዋ ጣት የተጎተተበት ምልክት ያለባት። መልሼ በነበረችበት አስቀመጥኋት። ማረሻው ግን የከርሞ ሰው ነው፤ ይመለስበታል።

ሌላም አለ። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ የወሎ ገበሬ ለተፋሰስ ሥራ ዶማና አካፋ ይዞ ይወጣል፤ እርከን ይሠራል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል። ይኼም የበጎ ፈቃድ ቁፋሮ ነው፤ በአገራችን ከዚህ የሚበልጥ ያለ አይመስለኝም። ጋራውን የሚያለብስ፣ አፈሩን የሚያቆም የተከበረ ሥራ ነው። ነገር ግን ዶማው ምን እንደገለበጠ የሚያይ ዐይን አብሮ አይወጣም። በየቀበሌው አንድ ሰው፣ የልማት ሠራተኛ ይሁን መምህር፣ ገልና የግንብ መሠረት ሲያይ ሥራውን ለአንድ ቀን ወደ ጎን እንዲያዞርና ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እንዲያሳውቅ ቢሠለጥን፣ የአጎቴ ልጅ ከሚያልመው ቁፋሮ የበለጠ ቅርስ ይተርፋል ብዬ አምናለሁ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ሲቆፈር ድንገት የተገኘ ቅርስ እንዲጠበቅና እንዲነገር ያዝዛል። ሕጉ አለ፤ የጎደለው ሕጉን ማሳ ላይ የሚያስታውስ ሰው ነው።

የቀበሌውን ስም ያልጻፍሁበት ምክንያትም እዚሁ ላይ ነው። «ነጮች ወርቅ ቀብረውበታል»፣ «የንጉሥ ሀብት አለበት» የሚል ወሬ በተነሣበት ሁሉ ሌሊት በባትሪ የሚቆፍር አይጠፋም። መቃብር ሲገለበጥ፣ የጥንት ግንብ ለባዶ ጉድጓድ ሲፈርስ ሰምተናል። የገንዘብ ማሰባሰቢያ ጥሪ ደግሞ ሳይጮኽ ገንዘብ አያመጣም፤ ቦታውን ማሳየት፣ ተስፋ መስጠት፣ «ምን ይገኝ ይሆን» ማለት ግድ ይለዋል። ከአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ እስኪመጣ ድረስ ጥሪውን የሰሙት ቀድመው ይደርሳሉ። የጥበቃው ክፍያ ከመጀመሪያው ብር ላይ ካልተቀነሰ ጥሪው ራሱ ጥፋት ነው።

ቦታ መምረጡም ቀላል አይመስለኝ። ሰው የሚያዋጣው ለሚያውቀው ስም ነው። ዐፄ ናዖድ አስጀምረውት ዐፄ ልብነ ድንግል ያስጨረሱት፣ እ.ኤ.አ. በ1531 በኢማም አሕመድ ጦር የተቃጠለው መካነ ሥላሴ እዚሁ ደቡብ ወሎ ውስጥ ነው። ለእርሱ ገንዘብ ቢጠየቅ በአንድ ወር ይሞላ ይሆናል። ግን በምን ስሜት ይሞላል? ለማወቅ ነው ወይስ የድሮውን ቂም ለመቀስቀስ? ወሎ አብሮ የኖረ አገር ነው። ለአንዱ ወገን ማስረጃ እንዲሆን ተብሎ የተዋጣ ብር ለባለሙያው እጅ ካቴና ነው፤ የጠበቁትን ሳያገኝ ሲቀር «ገንዘባችንን በላህ» ይባላል። በመዋጮ መቆፈርን ከሚያስፈሩኝ ነገሮች ይኼ ይብሳል፤ ከፋዩ መልሱንም የገዛ ይመስለዋል።

ስለ በጎ ፈቃደኞቹም አንድ ነገር ልበል። በአገራችን በተካሄዱ ቁፋሮዎች የአካባቢው ገበሬ በቀን ክፍያ መቀጠሩ የተለመደ ነው። ከደሴና ከኮምቦልቻ በአውቶቡስ የሚሄዱ ተማሪዎች በነጻ ሲሠሩ፣ ድንጋዩን ለበረት እንዳያነሡ የምንለምናቸው ሽማግሌና ልጆቻቸው የሚያገኟትን የቀን ገቢ እየወሰድንባቸው ነው። ተማሪዎቹ ይሂዱ፣ ይማሩ፤ ይኼን ከማንም በላይ እፈልጋለሁ፤ ተማሪዬ ወንፊት ይዞ አፈር ሲያጣራ ማየት እጓጓለሁ። የገበሬው ክፍያ ግን ከመዋጮው ላይ ይከፈል። በረቱም በሌላ ድንጋይ ይሠራላቸው።

ከገንዘቡ ይልቅ የሕዝቡ ዕውቀት ነው ብዙ ጊዜ መንገድ የሚያሳየው። ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ ላይ ገበሬው ሲያርስ የድሮ ሳንቲምና ዶቃ ሲያገኝ ኖሮ ነው ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ቁፋሮ ጀምረው የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ያገኙት። የሐ አጠገብ ቤተ ሰማዕቲ ላይም፣ ጉብታው ትልቅ ነገር እንዳለበት ያመለከቱት ነዋሪዎቹ ናቸው፤ ከሥሩ የአክሱም ዘመን ባሲሊካ (የጥንት ቤተ ክርስቲያን) ወጣ። የእኛም ሽማግሌ ስለ ጉብታቸው ከእኔና ከአጎቴ ልጅ የበለጠ ያውቃሉ፤ የትኛው ጥግ ላይ ማረሻ እንደሚጋጭ፣ የት ላይ አመድ እንደሚወጣ ነግረውኛል። ያን የጻፈ የለም።

የወጣው ዕቃስ የት ይቀመጣል? በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ያን የባዶ መደርደሪያ ሐዘን የደሴ ሰው አልረሳውም። ከምድር አውጥተን የምናኖርበት ጠንካራ ቤት፣ መዝገብና ጠባቂ ከሌለን፣ ከመሬት በላይ የተሻለ ደኅንነት አለው የምንልበት ምክንያት አይታየኝም። ስለዚህ መዋጮው ይሰብሰብ። የመጀመሪያው ብር ለሙዚየሙ መዝገብ፣ ለፎቶና ለመደርደሪያ ይዋል። ሁለተኛው ጉብታውን ለመለካት፣ ካርታውን ለመሥራት፣ የሽማግሌውን ቃል ለመመዝገብ፣ ያለው ድንጋይ እንዳይነሣ ለማድረግ ይዋል። ከዚያ ባለሙያው «እዚህ ጥግ ላይ ማረሻው ሁሉን ሳይጨርሰው ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ» ካለ፣ የዘገባውና የላብራቶሪው ገንዘብ በባንክ ከተቀመጠ፣ ያኔ በጠባብ ጉድጓድ ይጀመር። እኔም አዋጣለሁ፣ አፈርም እሸከማለሁ።

ማታ ለአጎቴ ልጅ ደውዬ ይኼን ሁሉ ነገርሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና የባንክ ሠራተኛ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ «ባለሙያው ለክቶ አይቆፈር ቢልስ? ለአዋጪው ገንዘቡን ትመልሺለታለሽ?» አለ። አልመልስም አልሁት፤ ይልቅ አስቀድሞ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ የሰጡት ገንዘብ አንድም ጉድጓድ ሳይከፈት ሊያልቅ እንደሚችል፣ ቢከፈትም የሚጠብቁት ላይገኝ እንደሚችል፣ የሚገኘውም የአገር እንጂ የአዋጪ እንዳልሆነ። «እንዲህ ያለ ደረሰኝ ማን ይፈርማል?» ብሎ ተከራከረኝ። እናቴ ትፈርማለች፣ እኔ እፈርማለሁ፣ ጋሼም ለመለካቱ ከሆነ ሳይፈርሙ አይቀሩም አልሁት። እንግዲያው ረቂቁን አንቺ ጻፊ አለኝ። ነገ ከክፍል ስወጣ እጀምረዋለሁ፤ የገበሬው ክፍያና የበረቱ ድንጋይ በመጀመሪያው መሥመር ላይ ይገባሉ።